ዘርዓብሩክ «አንተ» ያለ ቀን

ይህን የምጽፈው ላሳምናችሁ አይደለም። ብታምኑም ባታምኑም የምትጨምሩልኝ ነገር የለም። ግን ሆኗል።

ግንቦት ነው። ድሬዳዋ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ።

አዎ፣ ቀን ነው። እናንተ ታሪክ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልጀመረና ጅብ ካልጮኸበት አትፈሩም፣ አውቃችኋለሁ። ይሄ ግን የሆነው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። ያኔ የድሬ ሰው ሱቁን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም።

ግሩም እባላለሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ስሜን የነገርኳችሁ በኋላ «ፈጥሮ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

«ካሴት ድሬ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የድሮ ካሴት የምንሰበስብ ሰዎች ነን። ካሴት ፈልገን እናገኛለን፣ በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን፣ አጽድተን ወደ ስልክ እንገለብጣለን፣ ከዚያ እንለጥፋለን።

ሦስት መቶ ምናምን አባል አለ። የሚያወራው ግን አራት ሰው ነው። ሌላው አውርዶ ይወስዳል፣ «አመሰግናለሁ» እንኳ አይልም። እንደ እናንተ ማለት ነው።

አንዱ እኔ ነኝ። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ፣ ቀልዱንም የማመጣው እኔ።

ሁለተኛዋ ቱሪያ ናት። ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። አባቷ ሲሞት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ካሴት ነው የተወላት። ሐረሪው፣ ሶማሊው፣ ዓረቡ፣ የሌለ የለም። ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ ይብሳል።

ሦስተኛው ዋርፋ ነው፣ ባጃጅ ነጂ። ያለው ካሴት አንድ ብቻ ነው፣ ለሱም ማጫወቻ የለውም። የሚያውቀው መሳቅ ነው። «ቤትህ ተቃጠለ» ብትሉት መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ «የት ጋ?» ይላል።

አራተኛው ዘርዓብሩክ ነው።

ዘርዓብሩክ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ሳቢያን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ምንም አድርጎኝ አያውቅም። ግን ንቄዋለሁ። አልጠላውም፣ መጥላት እንኳ ክብር ነው። ንቄዋለሁ።

ለምን መሰላችሁ...

ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል።

ድሬ ላይ አንቱታ የለም። የሰባ ዓመት ሽማግሌን «አንተ» ትሉታላችሁ፣ እሱም «አንተ» ይላችኋል፣ አብራችሁ ትስቃላችሁ። አንቱ የምንለው የተጣላነውን ሰው ነው። ዘርዓብሩክ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድሬ ኖሮ ይህቺ አልገባችውም።

«እንደምን ዋላችሁ የተከበራችሁ የግሩፑ አባላት። አቶ ግሩም፣ እርስዎ ትናንት የለጠፉት ካሴት ሁለተኛው ገጽ ይገኝ ይሆን?»

እንዲህ ነው የሚያወራው። ዋርፋን «እርስዎ» ይለዋል። ዋርፋን!

ፋራ ስለው «አመሰግናለሁ» ይለኛል። የሰደብኩትን ስድብ ትርጉሙን ቱሪያን በውስጥ መስመር እንደሚጠይቃት ነግራኛለች። «ጀዝባ ማለት ምን ማለት ነው ወይዘሪት ቱሪያ?» ብሎ። ስቀን ልንሞት ነበር።

አሁን ጨዋታውን ልንገራችሁ።

«ቀብር» እንለዋለን። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከአራታችን አንዱ ሦስት ቀን ከጠፋ ሞቷል ማለት ነው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አስሬ እለጥፋለሁ። ሙሾ አወርዳለሁ። ሁሉም ያለቅሳል... ልቅሶው ስድብ ነው። በመጨረሻ ሟቹን «አለህ?» እያልኩ ሦስት ጊዜ እጠራዋለሁ። ሟቹ ያለበት ሆኖ በድምፅ «አለሁ» ብሎ ይልካል። ያኔ ተነሣ። «እንኳን ተነሣህ» እንላለን፣ ያልቃል።

ዋርፋ ስምንት ጊዜ ሞቷል።

ቱሪያ ይህን መጥራት አትወደውም ነበር። ቀትር ላይ የሌለ ሰው ስም አይጠራም ትል ነበር እናቷ። ማን እንደሚመልስ አይታወቅም ብላ። እኔም «እናትሽ ኔትወርክ አታውቅም» ብዬ አሾፍኩባት። ዋርፋ ሳቀ። ያው ነው።

እና ያን ቀን...

ዘርዓብሩክ ሦስት ቀን ጠፋ።

ደስ ነው ያለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሦስተኛው ቀን እስኪሞላ ተቁነጥንጬ ነው የዋልኩት። ሱቄን ገርበብ አድርጌ፣ ቬንቲሌተሩን ወደ ፊቴ አዙሬ ፎቶውን አሳመርኩት። በጉርድ ፎቶው ላይ ከረባት አድርጓል። በካሴት ግሩፕ ላይ ከረባት!

ሙሾውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሲጠቀልል ኖሮ በቢክ እስክሪብቶ፣
ተጠቀለለ እሱም በነጠላ ገብቶ።

ግሩፑ ነደደ። ያ ሁሉ ተኝቶ የሚያይ ሕዝብ ሳይቀር ከተፍ አለ። ቱሪያ «ነፍሱን ይማረው፣ ገነት በር ላይ 'እርስዎ ይቅደሙ' እያለ ውጭ ይቀራል» አለች። ዋርፋ የሳቅ ምልክት ብቻ ነው የላከው፣ አርባ ያህል።

ከዚያ ጠራሁት።

አለህ?

አለህ?

አለህ?

ስድስት ሰዓት ከሃያ ይላል። አሁንም አለ፣ አላጠፋሁትም።

ድምፅ መጣ። ሁለት ሰከንድ።

«አለሁ።»

የዘርዓብሩክ ድምፅ ነው። ግን «እንደምን ዋላችሁ» የለም። «የተከበራችሁ» የለም። ከኋላው ባዶ ካሴት ሲዞር የሚያሰማው ሽሽታ አለ... ሽሽሽሽ...

ለጨዋታው ብዬ «ማን ነህ አንተ? ዘርዓብሩክ ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ድምፅ መጣ።

«አንተ ነህ፣ ግሩም? ... አለሁ።»

አንተ።

«አንተ» አለኝ።

እንዴት እንደሆንን ብታዩ። ዋርፋ «ዛሬ ገና የድሬ ልጅ ሆነ!» አለ። ቱሪያ እልል አለች። እኔም «ለካስ ሰው የሚያደርግህ ሞት ነው፣ ቀደም ብለን በገደልንህ» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሰው ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ብሎ አልጠየቀም። ያጨበጨብነው ለዚያው ለውጡ ነበር።

ከዚያ...

«ውሃ።»

እኔ፦ እዚያ ውሃ የለም እንዴ?

«ውሃ አምጣልኝ፣ ግሩም።»

ዋርፋ፦ መቃብር ውስጥ ባጃጅ አይገባም፣ እስከ አስፋልቱ ውጣና ጠብቅ።

«ውሃ።»

እኔ፦ ለቅሶ ቤት ውሃ የሚሰጠው ለአልቃሽ ነው፣ ለሬሳ አይደለም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቶ ሰላሳ ሰው ስቆበታል። ከሳቁት አንዱ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ስድስተኛው ድምፅ አርባ ሰከንድ ነው። ሽሽታ ብቻ ነው የሚሰማው። ተናጋሪ የለም፣ ትንፋሽ እንኳ የለም።

ሱቄ ውስጥ ለሥራ የምጠቀምበት ጥሩ ማዳመጫ አለኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

ከሽሽታው ኋላ፣ ሩቅ፣ አንድ ሰው ያነባል። ቀስ ብሎ... እንደ ተረት።

ሲጠቀልል ኖሮ በቢክ እስክሪብቶ...

የሚያነበው ድምፅ የእኔ ነው።

ስሙኝ። ሙሾውን የላክሁት በጽሑፍ ነው። በአፌ አላልኩትም። ለብቻዬም ቢሆን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ግን የእኔ ድምፅ ነው፣ እንዲያውም መሐል ላይ... እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ስጠርግ ይሰማል።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ፍርሃት አይደለም። ቅናት ነው።

ይሄ ከረባታም በሆነ አፕ ድምፄን አስመስሎ ከእኔ የተሻለ ቀልድ ቀለደ ብዬ አሰብኩ። ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ሳህን የሚይዝ ሰው! ደሜ ፈላ። ቀልድ የእኔ ነው። እሱ የሚቀለድበት ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ቱሪያ ደወለች። ግሩፑ ላይ አይደለም፣ በስልክ ነው።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። የዘርዓብሩክ ቴሌግራም «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከሦስት ቀን በፊት» ይላል አለችኝ። ደብቆት ነው አልኳት። ደውዬለት ነበር፣ ስልኩ ዝግ ነው አለችኝ።

«ዝግ ስልክ ድምፅ አይልክም፣ ቱሪያ።»

«እኮ።»

ከዚያ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ልጁ የእውነት ታሞ ቢሆንስ?»

«የታመመ ሰው ይቀልዳል?»

«እሱ ቀልድ ያውቃል?»

ያን ጊዜ ግሩፑ ላይ ድምፅ ገባ። ሁለታችንም እኩል ከፈትነው፤ የሷን ስልክ በእኔ ስልክ ውስጥ ሰማሁት።

«ቱሪያ፣ አትደውዪ።»

«ወላሂ ሰው መንገር አለብን» አለች።

እኔ ግን ገገማ ነኝ። አልኳት፣ ሰውዬው እየተጫወተብን ነው፣ ብንደነግጥ ዕድሜ ልክ መሳቂያ ነን። እሷ «ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ሙቀቱን እያየኸው ነው፣ ወድቆ ቢሆንስ?» ትለኛለች። እኔ ስለ ቀልድ አወራለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እሷም መጨረሻ ላይ «ዋርፋን ይዣለሁ፣ ከመጣህ ና፣ ካልመጣህ ቅር» ብላ ዘጋችብኝ።

ሄድኩ። ላድነው አይደለም። ስልኬን አውጥቼ፣ እየቀረጽኩ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲስቅ ልይዘው ነው የሄድኩት።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የዋርፋ ባጃጅ ውስጥ ነበርን። መቀመጫው ይፋጃል። መንገዱ ባዶ ነው። የሱቁ በር ሁሉ ተዘግቷል። ዋርፋ ብቻውን ያወራል፣ እኛ አንመልስለትም።

ሳቢያን መግቢያ ላይ ድምፅ መጣ።

ይሄኛው ሽሽታ የለውም። ጥርት ያለ ነው። ጉሮሮው ርሷል። እንዲያውም ሲናገር ፈገግ ያለ ይመስላል።

«ግሩም፣ ተመለስ። ደህና ነኝ።»

ዋርፋ ባጃጁን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። «በቃ ደህና ነኝ ብሏል» አለ።

እኔም ተንፈስ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ትክክል ስለሆንኩ ደስ አለኝ። አልነገርኳችሁም? ይኸው መጫወቱ ነው። ዋርፋን አዙር አልኩት። ሙቀቱ ገድሎናል፣ ሥራ ፈተናል፣ ለአንድ ፋራ ብለን። ዋርፋም መሪውን ጠመዘዘ።

ቱሪያ ትከሻውን ያዘችው።

«አታዙር።»

«ምን ሆንሽ? ሰማሽው አይደል?»

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ ሆኗል።

«ዘርዓብሩክ ነፍሱ ብትወጣ 'ተመለስ' አይልህም፣ ግሩም። 'ይመለሱ' ነው የሚልህ።»

ክው አልኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቅንበት ነገር። በመኪና ተገጭቶ ቢደማ፣ ቢቃዥ፣ ቢሰክር «እርስዎ» ነው የሚለው። ከምላሱ አይወጣለትም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስንት ቀን በሱ ቀልጃለሁ። እና አንድ ነገር በሱ ድምፅ አንድ ሰዓት ተኩል «አንተ፣ አንተ» ሲለኝ አጨበጨብኩ።

«ንዳው» አልኩት ዋርፋን።

ስልኬ ጮኸ። አልከፈትኩትም። ደገመ። ሰለሰ። ሳቢያን ውስጥ እስክንገባ ድረስ ሳያቋርጥ ጮኸ።

ዘርዓብሩክ የተከራየው የሃሊሞ ግቢ ውስጥ ነው። ሃሊሞ ባልቴት ናት። ሰሞኑን ሽንሌ ለሠርግ ሄዳ ግቢው ባዶ ነበር። የውጪው በር በገመድ ብቻ ነው የታሰረው። የሱ ክፍል ጓሮ ናት፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት በእንጨት መዝጊያ።

አንኳኳን። ዝም።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ዋርፋ ሦስቴ በእርግጫ መታው፣ አራተኛው ላይ ተነቀለ። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊታችንን ለበለበን።

መሬት ላይ ነው። ከፍራሹ ወርዶ ወደ በሩ ተስቧል። እጁ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል። ዓይኑ ተከፍቷል።

ሞተ ብዬ ነበር። ዓይኑን አንቀሳቀሰ።

ቱሪያ የራሷን ውሃ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ነክራ ከንፈሩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት። እኔ ቆሜያለሁ። ስልኬ አሁንም በእጄ ነው፣ ይቀርጻል። ዋርፋ ሲያየኝ አፍሬ ኪሴ ከተትኩት።

በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ትኩሳት ነው፣ ከዚያ ሙቀቱ፣ ከዚያ ውሃ ጥሙ አለን። ሦስት ቀን ሳይጠጣ አልቀረም። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ...» ብሎ አልጨረሰውም። አልጠየቅኩትም። እኔ የምቆጥረውን አውቃለሁ። ስድስት ሰዓት ከሃያ «አለሁ» ብሎ... ብሎ ልበል እንዴ... ስምንት ሰዓት ነው በሩን የሰበርነው።

ዳነ። ሰውነቱ ዳነ።

ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ሐኪሙ ጉሮሮው ደርቆ ነው፣ በሳምንት ይመለሳል አለ። አንድ ሳምንት ሆነ። ሁለት ሆነ። ሦስት ሆነ። አፉን ይከፍታል፣ አየር ይወጣል፣ ድምፅ የለም። እህ ማለት እንኳ አይችልም። ልጁ ከሥራው ሌላ ያለው ነገር ቢኖር በየማታው ለእናቱ ደብረ ብርሃን መደወል ነበር። አሁን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እሷ ስትጣራ ይሰማል። «ልጄ፣ አለህ ወይ?» ትለዋለች። ከጎኑ ሆኜ «አለ፣ ደህና ነው» የምላት እኔ ነኝ። ይህን ለማድረግ የምበቃ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሌላ ሰው የለውም።

ስልኩንም እኔ ነኝ የጠገንኩት። ከፍራሹ ሥር ነው ያገኘነው። ባትሪው በሙቀቱ አብጦ ሽፋኑን ገፍቶታል። ቢያንስ ሁለት ቀን ሞቶ ነበር። ሙያዬ ነው፣ በዚህ አልሳሳትም።

አዲስ ባትሪ አስገብቼ ግሩፑን በሱ ስልክ ከፈትኩት።

በእኔ ስልክ ላይ አሥራ አንድ ድምፅ አለ። በሱ ላይ አንድም የለም። የኛ ስድብ ብቻ ተደርድሯል። የኔ «ለሬሳ አይደለም»፣ የዋርፋ ሳቅ፣ የሰው ሁሉ ሳቅ። በመሐል የሚያወራ የለም።

አንድ ቀን ሐኪም ቤት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት። ያን ቀን ማን መለሰልን አልኩት። ብዕርና ደብተር ሰጠሁት።

ከዚያ በዚያ በጸሐፊ እጁ፣ በደንብ አድርጎ ጻፈ፦

«አቶ ግሩም፣ እርስዎን አልወቅስም። ስትስቁ እሰማ ነበር። አጠገቤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሁሉንም ያነብልኝ ነበር፤ በእርስዎ ድምፅ ሲያነብ እርስዎ የመጡ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ 'ይጠሩሃል፣ ልመልስላቸው?' አለኝ። እኔ ጮክ ብዬ መናገር አቅቶኝ ስለነበር 'እባክዎ፣ ይመልሱላቸው' አልኩ።»

ከታች ጨመረበት።

«የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

ደብተሩን አጥፌ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ያየኝ አየኝ።

ይሄ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ከሐኪም ቤት የወጣ ቀን ልብሱንና ካሴቶቹን ለማምጣት ሳቢያን ሄድን። እኔ፣ እሱና ዋርፋ። ክፍሉን ያን ጊዜ በሩን አስጠግኜ በአዲስ ጓጉንቸር ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኪሴ አልወጣም። ሌላ ቁልፍ የለም።

የደረስነው ስድስት ሰዓት ግድም ነው። አስቤበት አይደለም፣ ዋርፋ ዘግይቶ ነው።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። ሃሊሞ ጓሮ ናት፣ ጆግ ይዛለች። ስታየኝ ፊቷን አጠቆረችብኝ።

«አንተ ልብ የለህም? የታመመ ልጅ ላይ ቆልፈህ ትሄዳለህ?»

አልገባኝም። ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

እሷም ወረደችብኝ። ከሐኪም ቤት ከመለስከው ጀምሮ ውሃ በመስኮት ነው የምሰጠው አለች። ምግብ አልፈልግም ይላል፣ ውሃ ብቻ ነው የሚለው። ጠዋት አይጠራም፣ ማታ አይጠራም፣ ቀትር ላይ ነው የሚጠራኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ዘመድ የለውም፣ እናንተ ጓደኛ ተብላችሁ። ከዚያ ትንሽ ለስለስ አለች። ድሮ «እርስዎ» እያለ አሮጊት ያደርገኝ ነበር፣ አሁን «አንቺ» ይለኛል፣ ልጄ ሆኗል አለች።

ጓጉንቸሩን አየሁት። እንደተቆለፈ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። ውስጡ ጨለማ ነው።

ከውስጥ ተሰማ።

«ሃሊሞ... ውሃ ጨምሪልኝ።»

የሱ ድምፅ ነው። ሐኪሞቹ ሦስት ሳምንት ጉሮሮው ውስጥ ፈልገው ያጡት ድምፅ።

ዞርኩ። ዘርዓብሩክ ከኋላዬ ቆሟል። ዋርፋ ከሱ ኋላ። ዋርፋ አልሳቀም።

ሃሊሞ ዘርዓብሩክን አየችው። መስኮቱን አየችው። መልሳ እሱን። «ቢስሚላህ» አለች፣ ድምፁ ግን ከከንፈሯ አልወጣም።

ይሮጣል ብዬ ነበር። እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጃለሁ፣ አልደብቃችሁም። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሃሊሞ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ጆጉን ከእጇ ወሰደ።

ወደ መስኮቱ ሄዶ በስንጥቁ ውስጥ አሳለፈው።

ከውስጥ ተቀበሉት።

ሲጠጣ ሰማን። ጉርጭ... ጉርጭ... ረጅም ጊዜ ነው የጠጣው። ጆጉ ባዶውን ወጣ።

ዘርዓብሩክ መዝጊያውን በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረገው። ፊቱን አስጠግቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ነው... ውስጥ ያሉትን ይቆጥራል።

ከዚያ ወደ ሃሊሞ ዞረ። ጆጉን በአንድ እጁ ዘረጋላት፣ በሌላው እጁ ስንት ጊዜ ሞልታ እንደምትመለስ አሳያት።

አምስቱንም ጣት።

እጁን ጨበጠና እንደገና ዘረጋው። አምስት።

እንደገና።